የማያም እብጠት

እሾህ ቢወጋን ነቅለን ጥለን እንረሳዋለን። ከዚያች ትንሽ ቀዳዳ ግን ማይሴቶማ የሚባል ከባድ በሽታ ሊነሣ ይችላል። በአፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ ወይም ባክቴሪያ በተወጋው ቆዳ በኩል ይገባል፤ እግር ቀስ በቀስ ያብጣል፤ ቁስሉም ጥቃቅን ፍሬ የመሰለ ነገር ያወጣል። የሚያስገርመው ብዙ ጊዜ አያምም። ስለዚህ በሽተኛው «ካላመመኝ ምን አስጨነቀኝ?» እያለ ዓመታት ያልፋሉ፤ አጥንት ከደረሰ በኋላ እግር እስከ መቆረጥ ያደርሳል።

እኛ ከምንማርበት ከአል-ማንሺያ ሳንርቅ፣ እዚሁ ካርቱም ሶባ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የማይሴቶማ ምርምር ማዕከል ተቋቋመ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 በሽታውን ችላ ከተባሉት የሐሩር አገር በሽታዎች ጋር መዘገበው። በ2017 ማዕከሉ ፎስራቩኮናዞል የተባለውን በሳምንት አንድ ቀን የሚዋጥ መድኃኒት፣ በየቀኑ ከሚዋጠው ኢትራኮናዞል ጋር ማወዳደር ጀመረ። ከሩቅ መንደር ለሚመጣ ገበሬ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ገዳሪፍ የሚመጡ ወገኖቻችንም በዚሁ አፈር ላይ ይሠራሉ። ስለዚህ የተማርነውን እንንገራቸው፦ ጫማ ይደረግ፤ የማይጠፋ እብጠት ከታየም ሕመም ሳይጠበቅ ሐኪም ዘንድ ይኬድ።