መቀመጫ ላይ መርፌ ከመወጋታችሁ በፊት፦ ከቆዳው ስር ምን አለ?

በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ መቀመጫዬ ላይ መርፌ ከተወጋሁ በኋላ እግሬ ደነዘዘ፣ ምን ይሻለኛል?» የሚል። መልሱ በደንብ እንዲገባችሁ መጀመሪያ የቦታውን አሠራር እንይ።

ጠንካራ ወንበር ላይ ስትቀመጡ የሚቆረቁራችሁ የዳሌ አጥንት የታችኛው ጫፍ ነው። ከዳሌው ጀርባ ሦስት ጡንቻዎች ተደራርበው ይገኛሉ። ከላይ ያለው ትልቁ ሲሆን ደረጃ ስትወጡና ከወንበር ስትነሱ የሚሠራው እሱ ነው። ከስሩ ያሉት ሁለቱ በአንድ እግር ስትቆሙ ዳሌያችሁ ወደ ጎን እንዳያዘነብል ይይዙታል። (ቆማችሁ ሱሪ ስትለብሱ እነሱን አመስግኑ።)

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከታችኛው የጀርባ ክፍል የሚወጡ አምስት የነርቭ ስሮች ተገናኝተው ሳያቲክ የሚባለውን ነርቭ ይሠራሉ። የሰውነታችን ትልቁ ነርቭ ነው፤ የጣት ያህል ይወፍራል። በትልቁ ጡንቻ ስር አልፎ በጭኑ ጀርባ ወደ ታች ይወርዳል። ከጉልበት በታች ያሉት ጡንቻዎች በሙሉ የሚታዘዙት በእሱ ነው። ስለዚህ መርፌ የመቀመጫው መሃል ወይም የታችኛው ክፍል ላይ ከተወጋ ነርቩን ሊያገኘው ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ደግሞ እግርን ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ የሚያነሳው ክፍል ስለሆነ፣ ሰውየው ሲራመድ የእግሩ ጣቶች መሬት ይጎትታሉ።

«መቀመጫውን አራት ቦታ ከፍሎ ላይኛው የውጭ ሩብ ላይ መውጋት» የሚለውን ሁሉም ባለሙያ ያውቀዋል። ችግሩ መቀመጫ የሚጀምረው ከየት ነው የሚለው ላይ ነው። ከእብጠቱ ሳይሆን እጃችሁን ወገባችሁ ላይ ስታደርጉ ከሚነካችሁ የዳሌ አጥንት ጠርዝ ነው። እብጠቱን ብቻ ለአራት ከከፈልነው «ላይኛው የውጭ» ያልነው ቦታ ወደ መሃል ይጠጋል። በዚያ ላይ ሱሪያችንን ትንሽ ብቻ ዝቅ ካደረግን ባለሙያው የሚለካበት ነገር አያይም። ማፈሩ ይገባኛል፣ ግን በደንብ ዝቅ አድርጉትና ተኙ። ከነርቩ የሚርቅ ሌላ ቦታም አለ፦ የዳሌው ጎን። እዚያ እንዲወጉኝ እፈልጋለሁ ማለት መብታችሁ ነው።

ሕፃናት ላይ ጉዳዩ የባሰ ነው። የመቀመጫቸው ጡንቻ ገና ትንሽ ስለሆነ ነርቩ ቅርብ ነው። የሕፃናት ክትባት ጭን ላይ የሚሰጠውም ያለ ምክንያት አይደለም። ልጃችሁን መቀመጫው ላይ ሊወጉት ከሆነ «ጭኑ ላይ አይቻልም?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ በፊት ግን «በሚዋጥ መድኃኒት አይሆንም?» የሚለው ይቅደም። ለተራ ጉንፋን መርፌ አያስፈልግም። «መርፌ ካልተወጋሁ አይሻለኝም» የሚለው ልማዳችን ብዙ እግር አስከፍሎናል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ! ለልብ ሕመም (ሩማቲክ) በየወሩ ፔኒሲሊን የምትወጉ ይህን አንብባችሁ እንዳታቋርጡ። መርፌው ልባችሁን ከተጨማሪ ጉዳት ይጠብቃል። ቦታውን ብቻ አስተካክሉ።

መርፌው ሲገባ እንደ ኤሌክትሪክ ወደ እግራችሁ የሚወርድ ሕመም ከተሰማችሁ ወዲያው «አውጣው!» በሉ፤ ጨዋነት አያስፈልግም። መደንዘዙ ወይም መስነፉ ከሰዓታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። የመድኃኒቱን ስም፣ ቀኑንና የተወጋችሁበትን ጎን ጽፋችሁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ። ወጌሻ ጋር ሄዶ መታሸት ነርቩን አያድነውም፣ ጊዜ ይበላል እንጂ። የተጎዳ ነርቭ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ማገገሙ ወራት ይፈጃል፤ ሙሉ በሙሉ የማይመለስላቸውም አሉ። እስከዚያው ፊዚዮቴራፒና እግሩን ቀና አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ያስፈልጋል።

ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እግሩ በድንገት ከሰነፈ ደግሞ፣ «መርፌው ነው» ብላችሁ ቤት አታቆዩት። ፖሊዮ አለመሆኑ መረጋገጥ ስላለበት ጤና ተቋሙ ሪፖርት አድርጎ የሰገራ ናሙና ይወስዳል።