ካቴድራልና መልክዓ ምድር በሠዓሊ ዓይን

የመልክዓ ምድር ሥዕል ማለት ተራራውን፣ ሜዳውን፣ ወንዙንና ሰማዩን ዋና ጉዳይ አድርጎ የሚሣል ሥዕል ነው። ሰው ቢኖርበት እንኳ አንሶ ይታያል።

ውድ አንባብያን፤ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እያየን ያደግነው ሥዕል ከዚህ ይለያል። የጎንደር ዘመን ሠዓሊ ከቅዱሱ ኋላ ያለውን ስፍራ በቢጫና በቀይ፣ ወይም በአረንጓዴ ቀብቶ ያልፈዋል። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ላይ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች ተራራም ደመናም የላቸውም። ይህ ከችሎታ ማነስ የመጣ አይደለም፤ በሥዕሉ ፊት የሚጸለይ ስለሆነ የምእመኑ ዓይን ወደ ሌላ እንዲሄድ አልተፈለገም።

ታዲያ ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ፣ ከውጭ ሲታይ፣ የሥዕል ጉዳይ ሊሆን ይችላልን? በአውሮፓ ሆኗል። እንግሊዛዊው ጆን ኮንስታብል የሶልዝበሪን ካቴድራል ደጋግሞ ሥሏል። እ.ኤ.አ. በ1823 ባሳየው ሥዕል ላይ ረጃጅም ዛፎች ቅርንጫፋቸውን አገናኝተው ሹሉን ግንብ እንደ ቅስት ከበውታል። ሥዕሉን ያዘዙት ጳጳስ ግን ጥቁሩን ደመና አልወደዱትምና ሰማዩ ብሩህ እንዲሆን ጠየቁ። ሠዓሊውም በኋላ ብሩህ ሰማይ ያለበት ሌላ ሥዕል ሠራ። እኔ ለደመናው አደላለሁ፤ የክረምት ሰማይ የማያውቅ ደብር የት አለ?

ፈረንሳዊው ክሎድ ሞኔ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1892 እና በ1893 ከሩዋን ካቴድራል ፊት ለፊት ክፍል ተከራይቶ ያንኑ የምዕራብ ገጽ ከ30 ጊዜ በላይ ሣለው። ድንጋዩ ጠዋት በጥላ ሰማያዊ፣ ከቀትር በኋላ ወርቃማ፣ በጉም ቀን አመድማ ሆኖ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1895 ከነዚህ 20ውን ለሕዝብ አሳየ።

ይህንኑ በአገራችን ለመመልከት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቡታጅራ ከጉራጌ ተራሮች በስተ ምሥራቅ፣ ወልቂጤ በስተ ምዕራብ ትገኛለች። ስለዚህ ከቡታጅራ ዘቢዳርን የሚሥል ሰው ማለዳ ቢቀመጥ ሸንተረሩና ገደሉ ሁሉ ተገልጦ ይታየዋል፤ ወደ ማታ ግን ፀሐይ በተራራው ጀርባ ስለምትወርድ ተራራው አንድ ጥቁር ግድግዳ ይሆንበታል። በወልቂጤ በኩል ያለው ሠዓሊ ተቃራኒው ይገጥመዋል። የቤተ ክርስቲያናችንም ዋና በር ብዙ ጊዜ እንደ ሩዋኑ ወደ ምዕራብ ይመለከታል፤ እንግዲህ ከቅዳሴ በኋላ ከበሩ ፊት ለፊት ሆኖ ለመሣል የሚነሣ ሰው ፀሐይ ዓይኑን ትወጋዋለች።

የአራዳው ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ስምንት ማዕዘን ነው፤ ከውስጡ ሥዕሎች መካከል የአፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች ይገኙበታል። በገጠር ግን ደብር ከሩቅ የሚታወቀው በዛፉ ነው፤ መጀመሪያ ጽዱና ወይራው ይታያል፣ ጉልላቱ ከቀረቡ በኋላ ይመጣል። በቀን መቁጠሪያ ላይ የምናያቸው ሥዕሎች ግን ዛፉን ትተው ሕንፃውን ብቻ ባዶ ሜዳ ላይ ያቆሙታል።

ይህን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ አጥቢያ ክቡ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ በብሎኬት ሕንፃ ሲተካ፣ በዙሪያው የነበሩት ጽዶችም አብረው ተቆረጡ። ዛሬ አረጋውያኑ በሮቹ ስንት እንደ ነበሩ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። የሚያስታርቃቸው አንድ ሥዕል እንኳ የለም። አዲሱ ሕንፃ ምእመኑ ስለ በዛ አስፈልጎ ይሆናል፤ ነገር ግን ከመፍረሱ በፊት አንድ ወጣት ሁለት ቀን ቢቀመጥ ኖሮ የሚያስወጣው የእርሳስና የወረቀት ዋጋ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ለንግሥ ወደ ምድረ ከብድ ወይም ወደ ምሑር ኢየሱስ የምትሄዱ፣ በየአጥቢያችሁም የምትቀሩ፣ ደብተራችሁን ያዙ። ቀለም ከሌለ ከሰል ይበቃል። ከአንድ ስፍራ ሳትነቃነቁ ሦስት ጊዜ ሣሉ፦ ጠዋት በ1 ሰዓት፣ በቀትርና ከቀኑ በ11 ሰዓት። ዛፉን ከግንዱ ጀምሩ፤ ጉልላቱ ቅጠል ሸፍኖት ከሆነ የሚታየውን ያህል ብቻ ሣሉ። በወረቀቱ ጀርባም ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተቀመጣችሁበትን ስፍራ ጻፉ።