ባዮፕሲ ምንድን ነው? የጡት ናሙና ምርመራና ውጤት የመጠበቂያ ቀናት



እንደሚታወቀው በማታው የጎልማሶች ትምህርት የምናስተምር መምህራን ፊደል ከማስቆጠር ሌላ አንድ ያልተጻፈ ሥራ አለብን። ይኸውም ወረቀት ማንበብ ነው። የቀጠሮ ካርድም ሆነ የክሊኒክ ወረቀት በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ ነዋሪው ይዞልን ይመጣል። እኛም የተማርነው እስከ ሁለተኛ ደረጃ ቢሆንም የቻልነውን ያህል እንተረጉማለን። የዛሬው ትምህርት የተነሣው ግን በትክክል መተርጐም ካልቻልነው አንድ ቃል ነው።

ቡና እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት ተማሪያችን አንድ ማታ ከትምህርት በኋላ ቆየችና የታጠፈ ወረቀት አውጥታ «እስቲ ይህቺን አንብቡልኝ» አለችን። ጡቷ ላይ ጠጣር እብጠት ስለተገኘ ከካምፑ ውጪ ወዳለ ሆስፒታል ለ«ባዮፕሲ» እንድትሄድ የሚያዝ ወረቀት ነበር። ቃሉን በደንብ አናውቀውም ነበር። መዝገበ ቃላት አገላብጠን «ከሰውነት ቆርጦ መውሰድ» የሚል አገኘንና እንደዚያው ነገርናት። እርሷ ደግሞ «ጡቴን ሊቆርጡት ነው» ብላ ተረዳችው። ምንም ሳትናገር ወረቀቱን አጥፋ ሄደች። በቀጠሮዋ ዕለት መኪናው ሲነሣ እርሷ ቤቷ ቡና ትቆላ ነበር። ሌላ ቀጠሮ የተገኘላት ከ6 ሳምንት በኋላ ነው።

ስሟ እንዳይጠቀስ ብቻ አስጠንቅቃ ታሪኳን እንድንጽፍ ፈቅዳልናለች። «ሌላዋ እንደ እኔ እንዳትቀር ጻፉት» ብላናለች። እኛም ከጤና ባለሙያዎች ጠይቀን የተረዳነውን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

1. ባዮፕሲ ማለት ምን ማለት ነው?

ባዮፕሲ ማለት ከታመመው ወይም ካጠራጠረው ቦታ ትንሽ ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ መመርመር ማለት ነው። ጡትን ቆርጦ ማስወገድ ማለት አይደለም። በመርፌ የሚወሰደው ናሙና ውፍረቱ ከክብሪት እንጨት አይበልጥም።

ጡት ላይ የሚወጣ እብጠት ሁሉ ነቀርሳ (ካንሰር) አይደለም። እንዲያውም አብዛኛው አይደለም። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሊሆን ይችላል። በወጣት ሴቶች ላይ በብዛት የሚታይ፣ ሲነኩት ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተት ጉዳት የሌለው እብጠት ሊሆን ይችላል። በምታጠባ እናት ላይ ደግሞ መግል የቋጠረ ቁስል ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ በእጁ ዳስሶ፣ በአልትራሳውንድ ወይም በጡት ራጅ አይቶ ብዙ ነገር ሊገምት ይችላል። ነቀርሳ መሆን አለመሆኑን በእርግጠኝነት የሚለየው ግን የናሙናው ምርመራ ነው። ስለሆነም ለባዮፕሲ ተላክሽ ማለት ነቀርሳ አለብሽ ማለት አይደለም። ገና አልታወቀም፣ ይታወቅ ማለት ነው።

2. ናሙናው እንዴት ይወሰዳል?

ሀ) በቀጭን መርፌ፦ መድኃኒት በምንወጋበት ዓይነት መርፌ ከእብጠቱ ውስጥ ጥቂት ሕዋሳት ወይም ፈሳሽ ይሳባል። የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ለ) በወፍራም መርፌ፦ በመጀመሪያ ቦታው በማደንዘዣ ይደነዝዛል። ማደንዘዣው ሲገባ ለጥቂት ሰኮንድ ያቃጥላል። ከዚያ በኋላ ቆዳው በጥቂት ሚሊሜትር ተከፍቶ መርፌው ይገባል። መሣሪያው ናሙናውን ሲወስድ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ያሰማል። ድምፁ ያስደነግጣል እንጂ አይጎዳም። ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ናሙና ስለሚወሰድ ድምፁ ቢደጋገም አትደንግጪ። ስፌት አያስፈልገውም።

ሐ) በቀዶ ሕክምና፦ በመርፌ ለመውሰድ ካልተቻለ ወይም ውጤቱ ግልጽ ካልሆነ እብጠቱ በሙሉ ወይም በከፊል በቀዶ ሕክምና ይወጣል።

ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ መነገር ያለባቸው ነገሮች አሉ። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ከምታጠቢ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከምትወስጂ፣ መድኃኒት የማይስማማሽ ከሆነ ተናገሪ። ወንድ ሐኪም ፊት መራቆት ከከበደሽ ሴት ነርስ አብራሽ እንድትቆም መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከምርመራው በኋላ ቦታው ለ10 ደቂቃ ያህል ተጭኖ ይያዛል፤ ከዚያም ይታሸጋል። እሽጉ ለአንድ ቀን ውሃ አይንካው። መበለዝና መጠነኛ ሕመም ይኖራል፤ ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። አስፕሪን ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ ሐኪም ሳያዝ አይወሰድ። ለሁለት ቀን ያህል ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አትሸከሚ። ደሙ ተጭነሽው ካልቆመ፣ ቦታው ከቀላና ከጋለ፣ መግል ካመጣ ወይም ትኩሳት ከያዘሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ክሊኒክ ሂጂ።

3. «ብረት ከነካው ይዛመታል» የሚባለውስ?

ይህ አባባል በአገራችንም በካምፑም በጣም የተስፋፋ ነው። ብዙ እኅቶቻችንን ከቀጠሮ ያስቀረውም እርሱ ነው። የሚባልበት ምክንያት አለው። ድሮ ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው ሕመሙ ከጠና በኋላ ነበር። ከመርፌው ወይም ከቢላው በኋላ ሲሞት ጥፋቱ የብረቱ ተደርጎ ታየ። የገደለው ግን ቀድሞ የሄደው ጊዜ ነበር። የጡት ናሙና በመርፌ መወሰዱ በሽታውን በሰውነት ውስጥ አይበትነውም። በሽታው ነቀርሳ ከሆነ የሚዛመተው ሳይታከም ሲቆይ ነው።

ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ ዱዓ የሚያደርግም ያድርግ። ሆኖም ጸሎቱም ሆነ ጠበሉ ከቀጠሮው ጋር ይሁን እንጂ በቀጠሮው ፈንታ አይሁን። እብጠቱን መተኮስና ቅጠል ማሰር ግን ቦታውን ያቆስላል፤ ለሐኪሙም ምርመራውን ያከብድበታል። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለዋል።

4. ውጤቱ ለምን ይዘገያል?

በጣም የሚያስጨንቀው ይህ ስለሆነ ናሙናው ምን እንደሚደረግ ማወቅ ይጠቅማል። በወፍራም መርፌ የተወሰደው ናሙና ፎርማሊን በሚባል ፈሳሽ ውስጥ ይገባል፤ ፈሳሹ እንዳይበሰብስ ይጠብቀዋል። ከዚያም ውሃው ወጥቶለት በሰም ውስጥ ይደረጋል። ሰሙ ሲጠነክር አንድ ሚሊሜትር ለ200 ተከፍሎ የሚገኘውን ያህል ስስ ሆኖ ይቆረጣል። በቀለም ተነክሮ ፓቶሎጂስት የሚባለው ሐኪም በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ነቀርሳ ከተገኘ የትኛው መድኃኒት እንደሚስማማው ለማወቅ ተጨማሪ ምርመራ ይደረጋል፤ ይህም ሌላ ቀናት ይወስዳል።

በዚህ ላይ መንገዱ አለ። ከካኩማ እስከ ሎድዋር ብቻ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ናሙናው ከዚያ አልፎ ወደ ትልቅ ከተማ ከተላከ ጊዜው ይረዝማል። ስለዚህ ውጤት ዘገየ ማለት ክፉ ነገር ተገኘ ማለት አይደለም። ወረቀቱ ገና መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል።

5. የመጠበቂያውን ቀናት እንዴት እናሳልፍ?

ተማሪያችን በሁለተኛው ቀጠሮ ሄዳ ናሙናው ተወሰደላት። ከዚያ በኋላ ያለውን ስትነግረን «ቀን ቀን ቡናው አለ፣ ሰው አለ። የሚከፋው ሌሊቱ ነው» አለችን። እኛም ያጠፋነውን ለመካስ አንድ ደብተር ሰጠናት። ቁጥር መጻፍ ተምራለችና በየቀኑ አንድ መስመር እንድትጽፍ አደረግን፤ የቀኑን ቁጥርና ሐኪሙን ልትጠይቅ ያሰበችውን አንድ ነገር። ከእርሷ የተማርነውን ከባለሙያ ምክር ጋር አቀናጅተን እናቀርባለን።

ሀ) ከሆስፒታሉ ሳትወጪ «ውጤቱ በስንት ቀን ይደርሳል? ማን ይነግረኛል? ካልደረሰ ማንን ልጠይቅ?» ብለሽ ጠይቂና አስጽፊ። የሚሠራ ስልክ ስጪ። ስልክ ከሌለሽ የጎረቤትን ስልክ ባለቤቱን አስፈቅደሽ አስመዝግቢ።

ለ) በናሙናው ጠርሙስና በወረቀቱ ላይ ያለው ስም በስደተኛ ካርድሽ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጪ። የካርድ ቁጥርሽም ይጻፍ። የእኛ ስም አጻጻፉ ብዙ ነው፤ የአያት ስም ቀድሞ የሚጻፍበትም ጊዜ አለ።

ሐ) እብጠቱን በየሰዓቱ አትነካኪው። ያሳምምሻል እንጂ ምንም አይነግርሽም።

መ) ለሁሉም ሰው አትናገሪ፣ ለማንም ሳትናገሪም አትቆዪ። የምታምኛትን አንዲት ሰው ምረጪ። «እገሊት እንዲህ ሆና ሞተች» የሚል ወሬ ሲመጣ ተነሥተሽ ሂጂ።

ሠ) ሥራሽን አትተዪ። እጅ ሲሠራ ሐሳብ ይቀላል። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለሽና ቀናት ከቆጠረ ግን ለክሊኒኩ ተናገሪ፤ ለዚህም እርዳታ አለ።

ረ) ባሎች፣ ወንድሞችና ጎረቤቶች ሆይ! «አይዞሽ» ማለት ጥሩ ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ውሃ ቅዱላት፣ ልጆቿን ያዙላት፣ በቀጠሮ ቀን አብራችኋት ሂዱ። ይህ በሽታ በእርግማን ወይም በነውር የሚመጣ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ቁጥሩ በጣም ጥቂት ቢሆንም ወንዶችንም ይይዛል።

ሰ) የተባለው ቀን ካለፈ «ደህና ብሆን ነው ያልጠሩኝ» ብለሽ አትቀመጪ። ሄደሽ ጠይቂ።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በተማሪያችን ላይ ታይቷል። በ19ኛው ቀን ደብተሯን ይዛ ሄደች። በስሟ የመጣ ውጤት የለም ተባለች። ተመልሳ ሳትሄድ የካርድ ቁጥሯን አሳይታ «በዚህ ፈልጉልኝ» አለች። ወረቀቱ በአያቷ ስም ተመዝግቦ ከ5 ቀን በፊት ደርሶ ነበር።

6. ውጤቱ ሲነበብ

ሦስት ዓይነት መልስ ሊመጣ ይችላል። «ቤናይን» ማለት ነቀርሳ አይደለም ማለት ነው። «ማሊግናንት» ማለት ነቀርሳ ነው ማለት ነው። «ናሙናው አይበቃም» ከተባለ ምርመራው ይደገማል፤ ይህ ደህና ነሽ ማለትም፣ ታመሻል ማለትም አይደለም። «ፖዘቲቭ» የሚለው ቃል ጥሩ ነገር የሚመስላቸው አሉ። በምርመራ ወረቀት ላይ ግን የተፈለገው ነገር ተገኘ ማለት ነው። ስለዚህ በቃሉ ላይ ከመገመት «ነቀርሳ ነው ወይስ አይደለም? ቀጥሎስ ምን ይደረጋል?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ይሻላል። ካልገባሽ አስተርጓሚ ይምጣልኝ በዪ።

ከተማሪያችን ጋር በዚያው መኪና የሄደች አንዲት ወጣት ውጤቷ ቤናይን ሆነ፤ ማውጣት እንኳ ሳያስፈልግ በክትትል እንድትቆይ ተነገራት። የተማሪያችን ውጤት ነቀርሳ ሆነ። ዳሩ ግን ገና ሩቅ ሳይሄድ ስለተገኘ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ሕክምናዋን በመከታተል ላይ ትገኛለች። በዚህ ወር ወደ ክፍል ተመልሳለች።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደገለጸው በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ነቀርሳ ተገኝቶባቸዋል፤ 670,000 ሰዎችም በዚሁ በሽታ ሞተዋል። ድርጅቱ በ2021 እ.ኤ.አ. በጀመረው ዘመቻ ካስቀመጣቸው ግቦች አንዱ ሕመምተኛዋ ወደ ጤና ተቋም ከመጣችበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ በሽታው ተለይቶ እንዲታወቅ ነው። እኛም ሒሳቡን ሠራነው። ስድስት ሳምንት 42 ቀን ነው። ከ60ው ቀን 42ቱን የበላው አንድ በትክክል ያልተተረጐመ ቃል ነው። መርፌው አንድም ቀን አልበላም።

ስለሆነም ከዛሬ ጀምሮ የማናውቀው የሕክምና ቃል ያለበት ወረቀት ሲመጣልን ከመገመት ይልቅ «አናውቀውም፣ አብረን ሄደን እንጠይቅ» ለማለት ወስነናል። ወረቀት የምታነቡ ሁሉ እንዲሁ እንድታደርጉ እናሳስባለን።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች (ቡና ላይ ተወያዩባቸው)

1. ለባዮፕሲ መላክና ነቀርሳ አለብሽ መባል ልዩነታቸው ምንድን ነው?
2. «ብረት ከነካው ይዛመታል» ለምትል ጎረቤት ምን ብለሽ ትመልሻለሽ?
3. ናሙና የሰጠች ሴት ከሆስፒታል ሳትወጣ መጠየቅ ያለባትን ሦስት ነገሮች ጥቀሱ።
4. የተባለው ቀን አልፎ ውጤት ካልመጣ ምን ይደረጋል?

ጡትሽ ላይ ወይም ብብትሽ ሥር እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ ከጫፉ የሚወጣ ደም ካየሽ በአቅራቢያሽ ወዳለው ክሊኒክ ዛሬውኑ ሂጂ። ወረቀት ከተሰጠሽም ይዘሽ ነይ፣ አብረን እናስነብበዋለን።