ለረጅም ሰው የመጀመሪያ ሞተር

ጥያቄ፦ ቁመቴ 1 ሜትር ከ90 ነው። ቤቴ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ነው። ሞተር ነድቼ አላውቅም፤ የትኛው ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሞተሩ ጉልበት በፊት ከመቀመጫው እስከ እግር መርገጫው ያለውን ርቀት እይ። ባጃጅ ቦክሰር መቀመጫው ከመሬት 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከመርገጫው ብዙም ስለማይርቅ ጉልበትህ ከልክ በላይ ይታጠፍና ድሬዳዋ ሳትደርስ ወገብህን ይይዝሃል። ያማሃ ዲቲ ከፍ ስለሚል ይመችሃል። ያገለገለ ከሆነ ግን ለመካኒክ ሳታሳይ እንዳትከፍል።

ሳትገዛ ተቀመጥበትና መሪውን ግራና ቀኝ እስከ ጥግ አዙረው። ጉልበትህን ከነካ ተወው፤ መኪና ግርግር ከሚባለው መንገድ ወደ ጠባቦቹ መተላለፊያዎች ስትታጠፍ፣ በተለይ ድንጋዩ ዝናብ ሲነካው፣ የሚጥልህ እሱ ነው። ቦክሰሩ ካማረህም መቀመጫ የሚሰፋ ሰው ጋ ወስደህ ስፖንጅ አስጨምርበት፤ ርካሽ ነው፣ ለውጡም ይታወቃል። ልምምዱን ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ሜዳ ላይ ጀምር።