ለጤና ጣቢያ ሶላር ከማስተከልዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

በወረዳ ስብሰባም ሆነ በውጭ አገር ባሉ የተወላጆች ማኅበራት ዘንድ «ጤና ጣቢያችን ሶላር ይግባለት» ሲባል የሚቃወም የለም። ትክክልም ነው፤ አዋላጅ ነርስ ሌሊት በእጅ ስልክ ብርሃን ማዋለድ የለባትም። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ስንት ፓኔል ይገዛ በሚለው ላይ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ስለ ባትሪው ተነጋገሩ እላለሁ።

በአምስተኛው ዓመት ባትሪውን የሚገዛው ማን ነው?

ጥሩ ፓኔል 25 ዓመት ያገለግላል። የሊድ አሲድ ባትሪ ግን በየቀኑ እየተሞላና እየተራገፈ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው የሚቆየው። ቆላ ውስጥ፣ በቆርቆሮ ክፍል ከታጨቀ ደግሞ ሙቀቱ ቶሎ ይገድለዋል። የሊቲየም ባትሪ መግዣው ውድ ቢሆንም 10 ዓመት ገደማ ሊዘልቅ ይችላል። የትኛውንም ይምረጡ፣ መተኪያው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ በቃለ ጉባኤ ይስፈር፤ ከጤና ጣቢያው የውስጥ ገቢ፣ ከወረዳው በጀት ወይስ ከማኅበሩ? በየዓመቱ ለብቻው የሚቀመጥ ሂሳብ ካልተከፈተለት መብራቱ የሚጠፋበት ጊዜ ከወዲሁ ታውቋል ማለት ነው። መልስ ካላገኙ ሥራውን ያቆዩት፤ ይህን የምለው ለጤና ጣቢያው አስቤ ነው።

የሚሠራው ምን ምን ነው?

ከኃላፊውና ከአዋላጇ ጋር ክፍል ለክፍል ይዙሩ። በየዕቃው ጀርባ የተጻፈውን ዋት በሚሠራበት ሰዓት እያባዙ ይመዝግቡ። ባለ 9 ዋት 10 አምፖሎች 6 ሰዓት ቢበሩ 540 ዋት ሰዓት ነው። ማይክሮስኮፕና ላፕቶፕም ብዙ አይበሉም። ባለ 350 ዋት የኦክስጅን ማሽን ግን 24 ሰዓት ከሠራ 8,400 ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ከአምፖሎቹ ሁሉ ከ15 እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። የሕክምና ዕቃ ማምከኛው የኤሌክትሪክ አውቶክሌቭም እንዲሁ ከባድ ጭነት ነው። «ባለ ይህን ያህል ዋት ሶላር» እያለ ዋጋ የሚያቀርብ ነጋዴ ይህን ዝርዝር ካልጠየቀዎ አይዋዋሉት።

ባትሪም ሲሰላ ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር አያታልልዎ። ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት ባትሪ 2,400 ዋት ሰዓት ይይዛል። የሊድ አሲድ ከሆነ ግን እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ቢጠቀሙ ይመረጣል፤ ስለዚህ በእጅዎ ያለው 1,200 ነው። ስሌቱ ደግሞ በጥር ፀሐይ ሳይሆን በሐምሌና በነሐሴ ደመና ይሠራ። ምጥ ክረምት አልፎ በጋ እስኪመጣ አይጠብቅም።

የክትባት ማቀዝቀዣ ለብቻው ይታይ። ክትባት በ2 እና በ8 ዲግሪ መካከል መቆየት አለበት። ቅዝቃዜን በበረዶ እያከማቸ ያለ ባትሪ በቀጥታ ከፓኔል የሚሠራ ማቀዝቀዣ አለ፤ የራሱ ፓኔል ይኑረው፣ ሌላ ነገርም አይቀጠልበት።

ከሠራተኞች ቤት የሚመጣው ጭነት

ይህን ማንሳት ያሳፍራል ብለው አይለፉት። የሠራተኞች መኖሪያ በግቢው ካለ ቴሌቪዥንና ምድጃ መምጣቱ አይቀርም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3,000 ዋትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ገጠር የተመደበ ሰው ማታ መብራት ማግኘቱ ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ለመኖሪያው ልኩ የታወቀ የተለየ መስመር ይዘርጋ። የማዋለጃው ክፍል መስመር ግን ከማንም ጋር አይጋራ።

ጣሪያውና ቦታው

የቆርቆሮው ማገር ክብደቱንና ነፋሱን ይችላል? ባሕር ዛፍ በአንዱ ፓኔል ላይ እንኳ ጥላ ቢጥል አብረው በተከታታይ የተያያዙትን ሁሉ ያደክማል። በአገራችን ፓኔሉ ወደ ደቡብ ጥቂት ዘንበል ብሎ ይተከላል፤ ዘንበል ማለቱ ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበውም ይረዳል። በበጋ ግን አቧራውን የሚጠርግ ሰው ያስፈልጋል፤ መሰላልም ይገዛ። የመብረቅ መከላከያና የመሬት ሽቦ በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ መኖራቸውን ያረጋግጡ።

የመንግሥት መስመር በቅርቡ ይመጣ እንደሆነም ከኤሌክትሪክ አገልግሎት ቅርንጫፍ ይጠይቁ። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም 65 ከመቶውን ሕዝብ በዋናው መስመር፣ 35 ከመቶውን ከመስመር ውጭ ለማዳረስ ያቀደ ነበር። መስመር የሚደርስዎ ከሆነ መስመሩንም ሶላሩንም የሚቀበል ኢንቨርተር ይግዙ፤ ያኔ ሶላሩ መብራት ሲጠፋ መጠባበቂያ ይሆናል።

ውሉ ላይ

ከውጭ በስጦታ የሚላክ ዕቃ ዋስትናው እዚህ አገር ይሠራል ወይ? መለዋወጫውስ በቅርብ ከተማ ይገኛል? ከግቢው ሠራተኞች ቢያንስ ሁለቱ ይሠልጥኑ፤ አንዱ ቢዛወር ሌላው ይኖራል። ያረጀ ባትሪ እርሳስና አሲድ ስላለበት ሜዳ ላይ እንዳይጣል፣ አቅራቢው መልሶ እንዲወስድ ይዋዋሉ።

ከክፍያው የተወሰነው ይያዝ። በርክክብ ጊዜ አምፖል አብርቶ ማሳየት አይበቃም፤ በዝርዝሩ ያሉት ዕቃዎች በተመደበላቸው ሰዓት ሁሉም ይሥሩ፣ ከምሽት እስከ ንጋትም ይቆዩ። ጠዋት ባትሪው የቀረውን መጠን ከአቅራቢው ጋር አንብበው ይፈርሙ፣ ከዚያ ቀሪውን ይክፈሉ።