ስለ ያረጀ ውሻ ጥንቃቄ

እናቶች ሆይ፤ 8ና 9 ዓመት ደጃችሁን የጠበቀ ውሻ አርጅቷል። ዓይኑ ይደበዝዛል፤ ጆሮው ይደነቁራል፤ ጧት ሲነሣ ያነክሳል፤ አጥንት መቆርጠምም ያቅተዋል። ይህ ሁሉ በወራት ቀስ እያለ የሚመጣ ነውና አያስደነግጥም። እንጀራውን በውሃ እያራሳችሁ ስጡት። ልጆች በተኛበት እንዳይነኩት ንገሯቸው፤ ኮቴ ያልሰማ ውሻ ደንግጦ ይነክሳል። አርጅቷል ብሎ ማባረር ግን ደግ አይደለም፤ የተባረረውን ማን ያየዋል?

እኛን የሚያሳስበን በአንድ ሁለት ቀን የሚመጣው ለውጥ ነው። ገራሙ ውሻ ያገኘውን ቢነክስ፥ ወይም ኃይለኛው ጨለማ ጥግ ቢወሸቅ፥ ድምፁ ቢሻክር፥ ለሃጩ ቢዝረበረብ፥ መንጋጋው ተንጠልጥሎ መዋጥ ቢያቅተው እርጅና ነው ብላችሁ አትለፉት። የውሻ እብደት ሊሆን ይችላል። በየመንደሩ ስንዞር «አጥንት አንቆት ነው» ሲባል እንሰማለን፤ እጁን ወደ አፉ የሚሰድም አለ። ይህን ከቶ አታድርጉ! በሽታው በለሃጭ ይተላለፋል። ሳትነኩት በር ዝጉበትና ለእንስሳት ሐኪም አስታውቁ።

የተነከሰ፥ የተቧጨረ ወይም ቁስሉን የተላሰ ሰው ቢኖር ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡለት። ቁስሉ ትንሽ ነው አትበሉ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የሥር መድኃኒት እየሞከሩ ቀን መቁጠር ሰው ያስገድላል፤ ክትባቱ የሚያድነው የበሽታው ምልክት ሳይታይ ሲጀመር ነውና። ውሻውንም ቢሆን ገና ጤነኛ ሳለ በየዓመቱ አስከትቡት፤ ማርጀቱ ክትባት አያስቀርበትም።