ከመነካቱ በፊት ይገመት፦ የሂሳብ ክፍለ ጊዜ በስማርት ቦርድ

በ1997 ዓ.ም. አካባቢ የሳተላይት ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶቻችን ሲገባ ተማሪ ወይም መምህር የነበረ ሰው የሚያስታውሰው አንድ ነገር አለ፤ ትምህርቱ የሚታይበት ቴሌቪዥን፣ ፕላዝማው፣ አይጠብቅም ነበር። በስክሪኑ የሚታየው አስተማሪ «ይህን ሥሩ» ይልና ጥቂት ቆይቶ መልሱን ራሱ ይሰጣል። ስሌቱ ግማሽ ላይ የደረሰው ተማሪ ማሰቡን ትቶ መገልበጥ ይጀምራል። ክፍል ውስጥ የቆመው መምህርም ስርጭቱን ማስቆም አይችልም።

ስማርት ቦርድ ግን ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ተማሪም በእጁ ይነካዋል። መምህሩ ይህን ዕድል ካልተጠቀመበት ግን ውድ ፕላዝማ ሆኖ ይቀራል። በእንግሊዝ አገር መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 የለንደን ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች ስማርት ቦርድ እንዲገዙ ገንዘብ መድቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ግምገማ ቦርዱ በገባበት በመጀመሪያው ዓመት በተማሪዎች ውጤት ላይ ለውጥ አላገኘም። ይህ የሚያስገርም አይደለም። ዕቃው ብቻውን አያስተምርም። ቀጥሎ ያለው አካሄድ በአንድ ሕግ ላይ የቆመ ነው፤ ተማሪው ግምቱን በጽሑፍ ሳያስቀምጥ ቦርዱ ላይ ምንም ነገር አይንቀሳቀስም።

ደረጃ 1፦ ትምህርቱን ምረጡ

ሁሉም ርዕስ ቦርዱን አይፈልግም። እኩልታ መፍታት፣ ፋክተር ማውጣት፣ ማረጋገጫ መጻፍ በጠመኔ ይሻላሉ። የመምህሩ እጅ ቀስ እያለ ሲጽፍ የተማሪው ሐሳብ አብሮት ይሄዳልና። ቦርዱ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ሲለወጥ ሌላው እንዴት እንደሚለወጥ ለማሳየት ነው፦ የኳድራቲክ ፋንክሽን ግራፍ፣ የሳይን ሞገድ ከክብ ላይ እንዴት እንደሚወጣ፣ በክብ ውስጥ ያሉ ማዕዘኖች፣ የታንጀንት መስመር ዝንባሌ። እዚህ ኳድራቲኩን እንውሰድ።

ደረጃ 2፦ በዋዜማው አዘጋጁ

ጂኦጀብራ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ላይ ጫኑ። ማርኩስ ሆሄንዋርተር እ.ኤ.አ. በ2001 በሳልዝበርግ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ሥራ ነው። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ት/ቤት ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ሁለት ፋይል አዘጋጁ። በአንዱ ዋይ = ኤ(ኤክስ − ኤች)² + ኬ ብላችሁ ጻፉ። ሶፍትዌሩ ለኤ፣ ለኤች እና ለኬ ስላይደር ልፍጠር ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ እሺ በሉት። ስላይደሮቹን ከ−5 እስከ 5 አድርጓቸው፤ እርምጃቸው 0.1 ይሁን። በሌላው ፋይል ዋይ = ኤክስ² + ቢ·ኤክስ ጻፉ፤ ለቢም ስላይደር ይኑረው። በዚሁ ፋይል (−ቢ/2, −ቢ²/4) የሚል ነጥብ ጨምሩና ሲንቀሳቀስ ዱካ እንዲተው «ሾው ትሬስ» የሚለውን አብሩለት። የነጥቡ ቀመር ለተማሪው እንዳይታይ ደብቁት።

ፊደሉን አሳድጉ፤ መስመሩን አወፍሩ። በፕሮጀክተር የሚሠራ ቦርድ ላይ ቢጫና ቀላል አረንጓዴ ከሦስተኛው ወንበር በኋላ አይታዩም፤ ጥቁር፣ ሰማያዊና ቀይ ይበቃሉ። የዋና ዋናዎቹን ግራፎች ንድፍ በወረቀት ያዙ። መብራት ሊጠፋ ይችላል።

ደረጃ 3፦ ከተማሪዎቹ ቀድማችሁ ግቡ

ቦርዱን አብሩና በጣታችሁ ፈትኑት። የነካችሁት ቦታና መስመሩ የሚወጣበት ቦታ ካልተገጣጠሙ ካሊብሬት አድርጉት፤ ስክሪኑ ላይ የሚመጡትን ምልክቶች በተራ በትክክል መንካት ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሳይደረግ ከቀረ ግን ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ያበላሻል። ስላይደሮቹን አጭር ተማሪም እንዲደርስባቸው ወደ ታች አውርዷቸው።

ደረጃ 4፦ በደብተር ጀምሩ

ቦርዱ ላይ ምንም አይታይ። ተማሪዎቹ ለዋይ = ኤክስ² ከ−3 እስከ 3 ሰንጠረዥ ይሥሩ፦ 9፣ 4፣ 1፣ 0፣ 1፣ 4፣ 9። ነጥቦቹን በደብተራቸው ያስቀምጡና ያገናኙ። አሥር ደቂቃ ይወስዳል፤ አትቆጩ። በእጁ ግራፍ ስሎ የማያውቅ ተማሪ በቦርዱ ላይ የሚያየው ፓራቦላ ሥዕል ብቻ ነው የሚሆንበት። እሱ የሳለው ከቦርዱ ጋር ሲመሳሰል ግን ግራፉ የራሱ ይሆናል።

ደረጃ 5፦ ግምት፣ ድምፅ፣ ከዚያ ንክኪ

አሁን ቦርዱን ክፈቱ፤ ኤ = 1፣ ኤች = 0፣ ኬ = 0። «ኤ 2 ቢሆን ግራፉ ይጠባል ወይስ ይሰፋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁሉም በደብተሩ ጠርዝ ላይ አንድ ቃል ይጻፍ። እጅ አስወጡ፤ ቁጥሩን በጥቁር ሰሌዳው ላይ መዝግቡ። ከዚያ በኋላ አንድ ተማሪ ይውጣና ስላይደሩን ይጎትት፤ መምህሩ አይንካው። በመቀጠል ½፣ ከዚያ −1። በመካከል 0 ላይ አስቁሙት፤ ፓራቦላው ጠፍቶ ቀጥ ያለ መስመር ይተካዋል። «ለምን ጠፋ?» የሚለው ጥያቄ ከተማሪዎቹ ይምጣ፤ እስኪመጣም ዝም በሉ።

የክፍለ ጊዜው ከባድ ቦታ ኤች ነው። ዋይ = (ኤክስ − 3)² ወዴት ይሄዳል? ብዙው ተማሪ የመቀነስ ምልክቱን አይቶ «ወደ ግራ» ይላል። ተሳስታችኋል አትበሉ። ድምፁን ቁጠሩ፤ «ግራ» ያለ አንድ ተማሪ «ቀኝ» ላለ ጓደኛው ምክንያቱን ያስረዳ፤ የሌላውንም ይስማ። ከዚያ ስላይደሩ ይነካ። ግራፉ ወደ ቀኝ ሲሄድ ክፍሉ ይንጫጫል። ያን ጊዜ ወደ ስሌቱ መልሷቸው፦ የስኩዌር ትንሹ ዋጋ ስንት ነው? 0። መቼ 0 ይሆናል? ኤክስ 3 ሲሆን። ስለዚህ የፓራቦላው ቨርቴክስ 3 ላይ ነው። ግምቱ የተሰበረበት ተማሪ ይህን ማብራሪያ በሙሉ ጆሮው ያዳምጣል፤ ከመገመቱ በፊት ቢነገረው ግን እንደ ማንኛውም ሕግ ለፈተና ሸምድዶ ይረሳዋል።

ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ቦርዱን የሚነኩት አምስት ወይም ስድስት ብቻ ናቸው። ስለዚህ የሚነካው ተማሪ የራሱን ሳይሆን የረድፉን ግምት ይዞ ይውጣ፤ ወንበር ላይ የቀሩት የሚፈተነው የእነሱም ግምት መሆኑን ይወቁ። ሁልጊዜ እጃቸውን የሚያወጡትን ሦስት ጎበዞች ብቻ አትጥሩ።

ደረጃ 6፦ ዱካውን ተከተሉ

ጊዜ ካላችሁ፣ ወይም በሚቀጥለው ቀን፣ ሁለተኛውን ፋይል ክፈቱ። ዋይ = ኤክስ² + ቢ·ኤክስ። ቢ ሲለወጥ ቨርቴክሱ በምን መንገድ ይጓዛል? አብዛኛው ተማሪ ቀጥ ያለ መስመር ይገምታል። ስላይደሩ ከ−5 እስከ 5 ሲጎተት ነጥቡ የሚተወው ዱካ ግን ወደ ታች የተደፋ ሌላ ፓራቦላ ነው። ከዚህ የሚያምር ነገር በኳድራቲክ ምዕራፍ ውስጥ አላውቅም።

እዚህ ላይ ቦርዱን አጥፉና ወደ ጠመኔው ተመለሱ። ቨርቴክሱ ኤክስ = −ቢ/2 ላይ ነው። ይህን በቀመሩ ውስጥ ስንተካ ዋይ = ቢ²/4 − ቢ²/2 = −ቢ²/4 ይሆናል። −ቢ²/4 ደግሞ የ−ቢ/2 ስኩዌር ከመቀነስ ምልክት ጋር ነው፤ ስለዚህ ዱካው ዋይ = −ኤክስ² ነው። ቦርዱ ነገሩ እንዲህ መሆኑን አሳየ፤ እንዲህ የሆነበትን ምክንያት የሰጠው ግን አልጀብራው ነው። ተማሪው የሁለቱን ልዩነት የሚያየው ሁለቱን በአንድ ክፍለ ጊዜ ጎን ለጎን ሲያገኛቸው ነው።

ደረጃ 7፦ ስህተቱንም አስቀምጡ

በመጨረሻ ገጾቹን በፒዲኤፍ አስቀምጡና በክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ላኩ። የተጣራውን ብቻ አትላኩ፤ «ግራ» ያሉትን ተማሪዎች ቁጥርና የተሳሳተውን ንድፍም፣ ስማቸውን ሳታነሡ፣ ጨምሩ። ቤቱ ሆኖ የሚያጠና ተማሪ ጓደኞቹ የት እንደተሰናከሉ ሲያይ የራሱን ስህተት ለመናገር አያፍርም። ስልክ ለሌለው ዋናውን ገጽ አትሙለት።

መብራት በመካከል ከጠፋስ? ያዘጋጃችሁትን ወረቀት ለረድፎቹ አድሉና ጥያቄውን ቀጥሉ። ግምት ለመጻፍና ለመከራከር ኤሌክትሪክ አያስፈልግም፤ መልሱን መብራት ሲመጣ ታዩታላችሁ።

ቦርዱ ያላችሁ መምህራን፣ በሚቀጥለው የሂሳብ ክፍለ ጊዜያችሁ እስክሪብቶውን አስቀምጡና ወደ መጨረሻው ረድፍ ሂዱ። እዚያ ለተቀመጠችው፣ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሌዳው ወጥታ ለማታውቀው ልጅ «መጀመሪያ ግምትሽን ንገሪኝ» በሏት፤ ከዚያ እሷ ትንካው።